ተራራን በማውስ ማዞር

ከዳባት ተነስቶ በአስፋልቱ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ስሜን የደረሰ አይመስለውም። የገብሱ ማሳ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ብርዱ ይጠነክራል፣ ጋቢ ያልያዘ ይጸጸታል፤ ገደል የሚባል ነገር ግን አይታይም። ደባርቅ ራሷ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳ በሚመስል ቦታ ተቀምጣለች። ከተማዋን አልፎ ወልቀፊት ሲደርስ ግን መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። ሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞር ያለ ሰው ደግሞ ከሳንቃበር እስከ እሜት ጎጎ የሚዘልቀውን ግንብ ያያል። ተራራው አንድ ነው፤ ከደቡብ ሲያዩት ዳገት፣ ከሰሜን ሲያዩት ግድግዳ።

ምክንያቱ ከተራራው ታሪክ ይመጣል። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀጭን ላቫ በላይ በላይ እየፈሰሰ የሠራው ሰፊ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጋሻ መሬት ላይ ቢደፋ የሚኖረው ዓይነት ዝርግ ጉብታ። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች በሰሜን በኩል ያለውን ጎኑን እየበሉ ገደል አደረጉት። የደቡቡና የምዕራቡ ጎን እንደ ቀድሞው ዝርግ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ፎቶግራፍ አሳያለሁ የሚል ሰው ግማሹን ነው የሚያሳየው። መዞር አለበት።

በእግር መዞር ቀናት ይፈጃል። በሐሳብ ማዞርም ቀላል አይደለም። ሮጀር ሼፓርድና ጃክሊን ሜትዝለር እ.ኤ.አ. በ1971 (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ ከኩብ የተሠሩ ቅርጾችን ጥንድ ጥንድ አድርገው እያሳዩ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?» ብለው ሰዎችን ጠየቁ። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለው ማዕዘን በሰፋ ቁጥር መልሱ የሚፈጀው ጊዜ በዚያው ልክ ጨመረ። ሰዎቹ ቅርጹን በአእምሯቸው እያሽከረከሩ ነበር፤ ፍጥነታቸውም በሰከንድ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ደግሞ ለጥቂት ኩቦች ነው። ሺህ ሸንተረር ያለውን ስሜን በሐሳቡ የሚያሽከረክር ሰው የለም። ስለዚህ ሥራውን ለኮምፒውተሩ እንሰጠዋለን፤ ትእዛዙን የምናስተላልፈው ደግሞ በማውስ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማውስ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የምታውቀው፦ ወደ ጎን ምን ያህል ሄድኩ፣ ወደ ፊት ምን ያህል ሄድኩ። ዳግላስ ኤንግልባርት አስቦ ቢል ኢንግሊሽ በ1964 የሠራት የመጀመሪያዋ ማውስ የእንጨት ሳጥን ነበረች፤ ከሥሯ እርስ በርስ የተመሳቀሉ ሁለት ጎማዎች ነበሯት። አንዱ ጎማ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ጎማ ሌላ ቁጥር። ጎማዎቹ በብርሃን ከተተኩ ቆዩ፤ ቁጥሮቹ ግን ዛሬም ሁለት ናቸው። ዕቃን ማዞር ሦስት ቁጥር ይፈልጋል፦ ወደ ግራና ቀኝ መዞር፣ ወደ ፊትና ኋላ ማዘንበል፣ እንዲሁም በጎን መጋደም። አንድ ይጎድላል።

ማውስ ሳይለመድ በፊት ተራራን በመሣሪያ የሚያዩ ሰዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። በበርን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተቋም በኩል ሽቴህሊና ሱርቡኽን የሚባሉ ባለሙያዎች በ1978 ለስሜን በ1፡25,000 መጠነ ልክ ሁለት ካርታዎች አውጥተዋል። ዓመቱ ዩኔስኮ ስሜንን ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የጻፈበት ነው። በዚያ ዘመን ከአውሮፕላን ፎቶ ካርታ የሚሠራባቸው ታላላቅ የስዊስ መሣሪያዎች አሠራር ይገርማል። ሠራተኛው ከሁለት ቦታ የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ምስሎቹ ሲገጥሙ ተራራው ከፊቱ ብድግ ይላል። በአየር ላይ የተንሳፈፈች አንዲት ነጥብ አለች። በአንድ እጁ የሚያዞረው ጎማ ነጥቧን ወደ ምሥራቅና ምዕራብ፣ በሌላ እጁ የሚያዞረው ወደ ሰሜንና ደቡብ ይወስዳታል፤ ከፍታዋን ደግሞ በእግሩ የሚያሽከረክረው ክብ ብረት ይቆጣጠራል። ሦስት አቅጣጫ፣ ሦስት የሰውነት ክፍል። ኤንግልባርት ሁለቱን የእጅ ጎማዎች ሳጥን ውስጥ ከተታቸው ማለት ይቻላል፤ እግሩ ውጭ ቀረ።

የጎደለውን ሦስተኛ ቁጥር እያንዳንዱ ሶፍትዌር በየራሱ ዘዴ ይበደራል። አንዱ ፕሮግራም ላይ የለመደ እጅ ሌላው ላይ የሚደናበረው ለዚህ ነው።

ዘዴዎቹን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር በእጅዎ ይሞክሩ። ይህን መጽሐፍ ሽፋኑ ወደ እርስዎ እንዲያይ አድርገው ቀጥ አድርገው ይያዙት። መጀመሪያ ሽፋኑ ወደ ቀኝዎ እንዲያይ እንደ በር ሩብ ዙር ያዙሩት። ከዚያ አናቱን ከእርስዎ ወዲያ ሩብ ዙር ይጣሉት። ሽፋኑ አሁንም ወደ ቀኝ ያያል፣ አናቱ ወደ ፊት ለፊትዎ ይጠቁማል። አሁን ወደ መነሻው ይመልሱትና ቅደም ተከተሉን ይገልብጡ፦ መጀመሪያ አናቱን ወዲያ ይጣሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዙሩ። በዚህኛው ሽፋኑ ወደ ጣሪያ ያያል፣ አናቱ ወደ ግራ። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ያው ናቸው፤ ውጤቱ አንድ አይደለም። ሦስትና አምስት ቢደመሩ ማን ይቅደም ማን ግድ የለም፤ በመዞር ዓለም ግን ግድ አለ። ከዚህ በታች የሚመጣው ግርታ ሁሉ ከዚህ አንድ ጠባይ ይወለዳል።

የመጀመሪያው ዘዴ ሦስተኛውን ቁጥር መከልከል ነው። ማውሷ ወደ ጎን ስትሄድ ዕቃው ቀጥ ብሎ በቆመ ዛቢያ ዙሪያ ይዞራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ስትሄድ እይታው ያዘነብላል። በጎን መጋደም የሚባል የለም፤ አድማሱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው። ብሌንደር የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ካልቀየሩት በቀር እንዲህ ነው የሚሠራው። ጉግል ኧርዝም፣ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ባለ ሦስት ገጽታ መስኮትም እንዲሁ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ራስ ደጀንን መቶ ጊዜ ቢያዞሩትም ሰማይ ሰማይ፣ መሬትም መሬት ሆኖ ይቆያል።

ጉዳቱ የሚታየው በቀጥታ ከላይ ወደ ታች ሲያዩ ነው። ሊማሊሞን ከአናቱ እያዩ ማውሷን ወደ ጎን ቢስቡ ምስሉ እንደ ሰዓት መርፌ በቦታው ይሽከረከራል። ያ ሽክርክሪት ክልክል የነበረው በጎን መጋደም ነው፤ ሁለቱ ዛቢያዎች አንድ ላይ ገጥመው አንዱ አቅጣጫ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሶፍትዌሮች 90 ዲግሪ ላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብለው ያስቆማሉ። ማውሷ ተበላሸች ብለው ጠረጴዛ ላይ የሚደበድቡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ማውሷ ደህና ናት። የአፖሎ መንኩራኩሮች አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያም ሦስት ቀለበት ብቻ ስለነበረው ጠፈርተኞቹ ሁለት ቀለበቶች እንዳይገጥሙባቸው ይጠነቀቁ ነበር፤ ጣጣው ያው ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ዕቃውን በማይታይ የብርጭቆ ሉል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ማውሷ የሉሉን ቆዳ ይዛ ትስባለች፤ ሉሉ ይንከባለላል፣ ዕቃውም አብሮ። ማይክል ቼን፣ ጆይ ማውንትፎርድና አቢጌል ሴለን በ1988 ይህን ዘዴ ከተንሸራታች ቁልፎችና ከሌሎች ጋር አወዳድረውት ነበር። በአንድ ዛቢያ ብቻ ለሚሠራ ቀላል ዙር ተንሸራታቹ አላነሰም፤ ዙሩ ሲወሳሰብ ግን ሉሉ በፍጥነት በለጠ። መሽላብ የሚባለውን የቅርጽ ሶፍትዌር የከፈተ ሰው ሉሉን በዓይኑ ያየዋል፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለበቶች ታስሮ ዕቃው ዙሪያ ይታያል።

ሉሉ የጎደለውን ቁጥር ከየት አመጣው? ከመንገዱ። መጽሐፉን ስናዞር ያየነው ጠባይ እዚህ ይሠራል። ማውሷን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ አድርገው ወደ ተነሱበት ነጥብ ቢመልሷት ዕቃው ወደ ነበረበት አይመለስም። በጎን ተጋድሞ ይገኛል፤ ማውሷ በሰዓት አቅጣጫ ከዞረች እርሱ በተቃራኒው። እያንዳንዱ እርምጃ 10 ዲግሪ ከሆነ አንዱ ዙር 1.7 ዲግሪ ገደማ ያጋድማል። የሚያውቅ ሰው ይህን ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፤ ማውሷን ትንንሽ ክብ እያሠራ ዕቃውን ያቃናል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የቧሂትን ተራራ ተዘቅዝቆ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ዘዴ የኬን ሹሜክ ነው፤ በ1992 አቀረበው። እርሱም ሉል ይጠቀማል፤ ነገር ግን ማውሷ በመሃል የሄደችበትን መንገድ ይረሳል። የሚቆጥረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፦ ክሊክ የተደረገበትና አሁን ያለችበት። በሉሉ ላይ በሁለቱ መካከል ያለውን ቅስት ይለካና ዕቃውን የቅስቱን እጥፍ ያዞረዋል። ከሉሉ መሃል እስከ ጠርዙ የሳበ ሰው 90 ዲግሪ ሄዶ 180 ዲግሪ ያዞራል ማለት ነው። እጥፉ ለምን አስፈለገ? ቅስቶቹ ያኔ በትክክል ስለሚደመሩ ነው። ማውሷ ወደ መነሻዋ ከተመለሰች ዕቃውም ይመለሳል፤ ጣት ሳይነሳ የተሳሳተ ሁሉ ይታረማል። ከሉሉ ውጭ ይዘው ቢስቡ ደግሞ ዕቃው በጎን ብቻ ይጋደማል። ለእኔ ከሦስቱ በጣም ያማረው ይህ ነው፤ ያማረ ማለት ግን ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ሹሜክ የተጠቀመበት ሒሳብ ከእርሱ 149 ዓመት ይቀድማል። ዊልያም ሮዋን ሐሚልተን ጥቅምት 1843 በደብሊን ከሚስቱ ጋር በቦይ ዳር ሲሄድ ለዓመታት ሲያስጨንቀው የነበረው ነገር ድንገት በራለት፤ ቀመሩንም ድልድዩ ድንጋይ ላይ በቢላ ቀረጸው። ያን ጊዜ ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ በኋላም በ1855 እዚያው ደረስጌ በደጃች ካሣ ተሸነፉ፤ ድል አድራጊውም ቴዎድሮስ ተብሎ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነገሠ። ሐሚልተን የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ በሦስት ቁጥር ዙርን ያለ ጣጣ መያዝ አይቻልም፤ በአራት ግን ይቻላል። ሦስቱ ቁጥሮች ዛቢያው ወዴት እንደሚያይ ይናገራሉ፣ አራተኛው ምን ያህል እንደዞረ። ሁለት ዙሮችን ማከታተል ሲያስፈልግ ይባዛሉ፤ ማን እንደቀደመም ብዜቱ ራሱ ያስታውሳል። ፊዚክስ ይህን መሣሪያ ትቶት ነበር ማለት ይቻላል፤ ሹሜክ በ1985 ወደ ኮምፒውተር ሥዕል አመጣው፤ ዛሬ ሞባይል ላይ የሚጫወት ልጅ ሳያውቀው በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ያባዛዋል።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ? መልሴ አጭር ነው። ዕቃው «ላይ» አለው ወይ ብሎ መጠየቅ።

ድንቅነሽ የላትም። አጽሟ በ1974 አፋር ሐዳር ላይ ተገኘ፤ አሜሪካ ለትዕይንት በሄደችበት ጊዜ በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስተን በሲቲ ስካን ተነስታ ከ35,000 በላይ ቁራጭ ምስሎች ወጡላት። ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ በ2016 ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው ብለው ሲጽፉ ዋናው ማስረጃቸው የቀኝ ክንዷ አጥንት አናት ላይ ያለ ስብራት ነበር። ክርክሩ ወዲያው ተነሳ፤ ካገኟት ሰዎች አንዱ የሆነው ዶናልድ ጆሃንሰን ራሱ አልተቀበለውም። የሚገርመው ግን ከዚያው ጽሑፍ ጋር የትከሻዋና የጉልበቷ ባለ ሦስት ገጽታ ፋይሎች ለሕዝብ መለቀቃቸው ነው፤ ማንም ሰው አውርዶ ስብራቱን በገዛ ማውሱ እያዞረ ሊፈርድ ይችላል። የክንድ አጥንት ስባሪ በጠረጴዛ ላይ እንዴት ቢቀመጥ ነው «ቀጥ» የሚባለው? እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ስንጥቁን ለማየት በጎን መጋደም፣ መገልበጥ፣ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል። አድማስን የሚጠብቅ ዘዴ እዚህ እጅ ያስራል። ሉሉ የግድ ነው፤ የሹሜክ ከሆነ ይበልጥ ደግ።

ስሜን ግን «ላይ» አለው። ውኃ የሚወርድበት፣ ጭላዳ ሣር ሊግጥ የሚወጣበት፣ ደመና የሚንጠለጠልበት አቅጣጫ አለው። ተራራን በነጻ ሉል ማዞር አድማሱን ያጠፋል፤ አድማስ ከጠፋ ቁልቁለትን መፍረድ አይቻልም፤ የስሜን ነገሩ ሁሉ ደግሞ ቁልቁለት ነው። በዚህ ምንም ጥርጥር የለኝም፤ ለመሬት ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዘዴ።

አሁን ስሜንን ራሱን እንክፈተው። ከፍታው የሚገኘው በየካቲት 2000 ኤንዴቨር የተባለችው መንኩራኩር በ11 ቀን ጉዞዋ በራዳር ከለካችው ነው። ከመንኩራኩሯ ጎን 60 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሁለተኛ አንቴና ተቀምጦ ነበር፤ ከሁለት ቦታ ማየት ጥልቀትን ይሰጣልና። መጀመሪያ ለእኛ አካባቢ የተለቀቀው በየ90 ሜትሩ አንድ ነጥብ ያለው ነበር፤ በ2014 የ30 ሜትሩ ሲለቀቅ አፍሪካ ቀደመች። ፋይሎቹ አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ እየተቆረጡ ይሰጣሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 3601 በ3601፣ ማለትም ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ የከፍታ ነጥብ አለ። እዚህ ላይ አካባቢያችን አንድ ተንኮል አለበት። 13ኛው የኬክሮስ መስመር በዳባትና በደባርቅ መካከል ያልፋል፤ 38ኛው የኬንትሮስ መስመር ደግሞ በደባርቅና በሳንቃበር መካከል። ስለዚህ ዳባት አንድ ፋይል ውስጥ፣ ደባርቅ ሌላ ውስጥ፣ ራስ ደጀን ሦስተኛው ውስጥ ነው ያሉት። አንዱን ብቻ ያወረደ ሰው ተራራው በቢላ እንደተቆረጠ ያየዋል። ሦስቱን አውርዶ ማጋጠም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት ያስቃል። ፋይሉ ወደ ጎን በዲግሪ፣ ወደ ላይ በሜትር ነው የሚለካው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ሶፍትዌሩ ካልተነገረው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይወስዳቸውና ስሜን ከ100,000 ጊዜ በላይ ተስቦ ሰማይ የሚወጋ መርፌ ይሆናል። መድኃኒቱ ፋይሉን በሜትር ወደሚለካ ሥርዓት መቀየር ነው፤ ለደባርቅም ለደጀንም የሚሆነው ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። ኪውጂአይኤስ ይህን በነጻ ይሠራል፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ባለ ሦስት ገጽታ መስኮት አለው፤ ስለዚህ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ያለ የጂኦግራፊ ተማሪ ሳንቲም ሳይከፍል ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ተራራ ስክሪኑ ላይ ማዞር ይችላል። ብዙ ሶፍትዌሮች ከፍታን የማጋነኛ ቁልፍም አላቸው። ለአርሲ ሜዳ ሁለት ወይም ሦስት ቢያደርጉት ይገባኛል። ለስሜን ከአንድ በላይ ማድረግ ነውር ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ ተራራው ሲቆም፣ የሳተላይት ፎቶም እንደ ልብስ ሲለብስ፣ ከደቡብ በኩል ድንቅ ይመስላል። ማውሷን ስበው ወደ ሰሜን ሲዞሩ፣ ማለትም ስሜንን ስሜን ያደረገውን ጎን ሲያዩ፣ ያን ጊዜ ያዝናሉ። ግድግዳው የቀለጠ ሻማ ይመስላል። የጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር የሚወረወርበት ገደል የለም፤ የተለጠጠ ቡናማ ጭረት ነው ያለው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 500 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በ75 ዲግሪ ቢቆም፣ ከላይ ሲታይ ስፋቱ 134 ሜትር ብቻ ነው። በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ላለው መረብ ይህ አራት ወይም አምስት ነጥብ ነው። ያው 500 ሜትር ደባርቅ ሜዳ ላይ ቢጋደም 17 ነጥብ ያገኝ ነበር። ፎቶውም ከላይ የተነሳ ስለሆነ ለግድግዳው የደረሰው ያቺው ቀጭን ሰንበር ናት፤ ሶፍትዌሩ እርሷን ስቦ ስቦ 500 ሜትር ያለብሳታል። ራዳሩም በሰያፍ ስለሚያይ ገደል ላይ ይሰናከላል፤ ከግድግዳው ጀርባ ጥላ ይሆንበታል፣ ወደ እርሱ የዞረው ግድግዳ ደግሞ በላዩ ላይ ይደፋበታል። ያልታዩ ቦታዎች በኋላ ከሌላ ምንጭ ተሞልተው ነው የምናገኛቸው።

ብርሃኑም አያግዝም። ደመና የሌለው የሳተላይት ፎቶ የሚገኘው በበጋ ነው፤ በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ እንደ ላንድሳት ያሉት ሳተላይቶች ደግሞ የሚያነሱት ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ሰሜን የዞረው ግንብ ያን ጊዜ ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከ13 ዲግሪ በላይ ወደ ሰሜን ተሻግራ የቀትር ብርሃኗን ለግንቡ የምታበራለት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክረምቱ ይገባና ስሜን በጉም ይሸፈናል። ገደሉ ተለጥጦ፣ ጠቁሮ፣ ደብዝዞ ይደርሰናል። ማውሷን ምንም ቢያዞሩ ያልተነሳ ምስል አይመጣም።

ከዚህ የባሰም አለ። የከፍታ ፋይል ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ከፍታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዋልያ የሚጠለልበት ከላይ የተንጠለጠለ ቋጥኝ ሁለት ከፍታ አለው፤ የጣሪያውና የወለሉ። ፋይሉ ጣሪያውን ይይዛል፤ ዋሻው ይደፈናል። ሦስት ገጽታ የምንለው ይህ ተራራ በእውነቱ ሁለት ተኩል ነው። ሙሉ ሦስት ገጽታ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ላሊበላ መሄድ ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ሃይንዝ ሩተር ይመሩት የነበረው የዛማኒ ቡድን አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ስካን አድርጓል። መሣሪያው መሬት ላይ ቆሞ፣ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያውን ነው የሚለካው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ መስቀሉን አይቶ፣ በጉድጓዱ ወርዶ፣ በበሩ ገብቶ ጣሪያውን ከሥር ማየት ይቻላል። ቤተ ጊዮርጊስ በመንኩራኩሯ ፋይል ውስጥ ግን ከአንዲት ነጥብ አትበልጥም።

አንድ ነገር ረስቼ እንዳላልፍ፦ የሚዞረው በምን ዙሪያ ነው? ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ይህ ነው። የመዞሪያው ነጥብ ደባርቅ ላይ ከቀረና ዓይንዎ ራስ ደጀን ላይ ከሆነ፣ በመካከላቸው በአየር መስመር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስላለ ትንሽ ሲያዞሩ ደጀን ከስክሪኑ ተወርውሮ ይጠፋል። መሬቱ ተገልብጦ ከሥሩ ገብተው ከሆነም ባዶ ቅርፊት ያያሉ፤ ተራራው ውስጡ ክፍት ነውና። ያኔ ማውሷን ወዲያ ወዲህ መጎተት ይብሳል። ሙሉውን አሳይ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መመለስ፣ ከዚያም ማየት የሚፈልጉትን ነጥብ መዞሪያ አድርጎ መያዝ ነው። ጉግል ኧርዝ ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ ክሊክ ያደረጉበት ቦታ መዞሪያ ይሆናል። ብሌንደር ላይ መርጠው መንገር አለብዎት።

መሃለኛው የማውስ ቁልፍ፣ ያው ጎማው፣ ለዚህ ሥራ ዋና ነው፤ ብሌንደርም ኪውጂአይኤስም የሚያዞሩት እርሱን ተጭነው ሲስቡ ነው። ጎማዋ የተሰበረች ማውስ ወይም ላፕቶፕ ብቻ ያለው ሰው ግን አይጨነቅ፤ ኪውጂአይኤስ ላይ ሺፍትን ይዞ በግራ ቁልፍ መሳብ ይበቃል፤ ብሌንደር ላይ ደግሞ ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስን አስመስል የሚለውን ምርጫ ከፍቶ ኦልትን መያዝ። በጎማ ፋንታ በመዳፍ የሚጨበጥ፣ የሚገፋ፣ የሚጠመዘዝ፣ ስድስት ቁጥር የሚሰጥ ስፔስማውስ የሚባል መሣሪያም አለ። የዲዛይን መሐንዲሶች ይወዱታል። ደባርቅ ገበያ ግን አይፈልጉት።

እዚያ ያለው ሞባይል ነው፤ ሞባይል ደግሞ ማውስ የነፈገችውን ይሰጣል። ሁለት ጣት ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ከሁለት ወደ አራት ያድጋል፤ እያንዳንዱ ጣት ሁለት ሁለት። ጣቶቹን እንደ ቡሽ ቢያጠማዝዟቸው ካርታው ይዞራል፣ ቢያራርቋቸው ይቀርባል፣ ሁለቱን አጣምረው ወደ ላይ ቢገፏቸው እይታው ያዘነብላል። አሁን ችግሩ ተገልብጧል፤ የጎደለ ቁጥር የለም፣ የተረፈ ነው ያለው። ማንም ሰው ሁለት ጣቱን ፈጽሞ ቀጥ አድርጎ ማራራቅ አይችልምና ሶፍትዌሩ «ይህ ሰው ማቅረብ ነው ወይስ ማዘንበል የፈለገው?» ብሎ መገመት አለበት። የጨነቅን ካምፕ ቀረብ አድርገው ለማየት ሲሞክሩ ስሜን ድንገት በጀርባው የሚተኛው፣ ግምቱ ሲስት ነው።